በጥምቀት ቀን የመጡት በሽተኞች

ቦንጋን የማውቃት በወረቀት ብቻ ነበር። የምሠራው መንግሥት ለጤና ምርምር የሚመድበውን ገንዘብ በሚያከፋፍል ጽሕፈት ቤት ውስጥ ነው፤ ሄጄባቸው የማላውቅ አገሮች ስማቸው በየቀኑ ጠረጴዛዬ ላይ ያልፋል። ይህን የምጽፈው እንደ እኔ ቁጭ ብለው ለሚፈርሙ ባልደረቦቼ ነው። ብዙዎቻቸው እዚያ መቼም አይሄዱም፤ እኔም ባልሄድ ኖሮ ዛሬ በሰላም በተቀመጥኩ ነበር። እርግጥ ድሮም ቁጭ ማለት አይሆንልኝም፤ ባለቤቴ «ያንቺ ወንበር እሾህ አለው» ይለኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ የአንጎል ሐኪም የሚጥል በሽታን ለማጥናት የመንግሥት ድጋፍ አሸነፈ። ቦታው ከፋ ዞን፣ ከሺሺንዳ ወዲያ፣ ወንዝ ዳር ያለች አንዲት ቀበሌ ናት። በሽታው እዚያ ለምን እንደበዛ ለማወቅ ነበር ሐሳቡ። የአንጎልን ሞገድ የሚመዘግብ መሣሪያ ተገዛ፤ በጥናቱ የታቀፉት በሽተኞችም በየአራት ሳምንቱ ወደ ሺሺንዳ ጤና ጣቢያ እየመጡ መድኃኒት እንዲወስዱ ተደረገ። መድኃኒቱ የሚገዛው በዚሁ የምርምር ገንዘብ ነው። የሁለተኛው ዓመት ገንዘብ ግን የሚለቀቀው ከእኛ ቢሮ አንድ ሰው ሄዶ መዝገቡን አይቶ «ትክክል ነው» ብሎ ሲፈርም ነው። ሰኔ ሠላሳ ካለፈ ደግሞ ያልተለቀቀው በጀት ተመላሽ ይሆናል። ጊዜው ግንቦት ገብቶ ነበር። ሌላ ሰው ስለጠፋ እኔ ተላክሁ።

አንደኛ ቀን፣ እሑድ

የቢሮው መኪና ጋራዥ ገብቷል ተባልኩ። ያ መኪና የሚታመመው እኔ ልሄድ ስል ነው። ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መናኸሪያ ደረስኩ፤ አውቶቡሱ የተነሣው አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል ነው። እስከዚያ ድረስ ትኬቴን ደጋግሜ አየሁ፣ የበሽተኞቹ ማኅደር ያለበትን ቦርሳ ከላይ ሰቅዬ አወረድኩት፣ መልሼም ሰቀልኩት። አጠገቤ የተቀመጠችው ጅማ ያለች ልጇን ልትጠይቅ የምትሄድ ሴት ነበረች። እስከ ወልቂጤ ድረስ ታገሠችኝና በመጨረሻ፣

«እመቤት፣ አውቶቡሱን የምትነጂው አንቺ አይደለሽም። ደገፍ በይ» አለችኝ።

ደገፍ አልኩ። ጊቤ ሸለቆ ስንወርድ ሙቀቱ እንደ ክረምት ብርድ ልብስ ላያችን ላይ ወደቀ፤ ሴትዮዋ ከዘንቢሏ ብርቱካን አውጥታ ልጣጩን ልጣ አካፈለችኝ። እኔ ይዤው የነበረው ዳቦ ከማኅደሩ ሥር ተጨፍልቆ ነበር። ጅማ የገባነው ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ላይ ነው። ያደርኩበት ሆቴል ቧንቧው ሲከፈት ይተነፍሳል እንጂ ውኃ አይሰጥም። እኔ በምኖርበት ኮንዶሚኒየምም ውኃ በፈረቃ ነው፤ ግን የእኛን ፈረቃ እናውቀዋለን። የሆቴሉ ሰዎች «አሁን ይመጣል» እያሉ አንድ ባልዲ ሞልተው አመጡልኝ። ባልዲው ከቧንቧው የበለጠ ታማኝ ነበር።

ሁለተኛ ቀን፣ ሰኞ

ከጅማ ወደ ቦንጋ የሚሄደው ሚኒባስ ሞልቶ እስኪነሣ ሁለት ሰዓት ፈጀ። ሞልቷል ስንል ሹፌሩ «አንድ ሰው» ይላል፤ አንድ ሰው ሲመጣ «ሌላ አንድ ሰው» ይላል። በመካከሉ ለሐኪሙ ደወልኩ። ሐኪሙ ጨዋ ሰው ነው፤ አዲስ አበባ የራሱን በሽተኞች ስለሚያይ ወደ ከፋ የሚወርደው በየሦስት ወሩ ነው። «መዝገቡን ያዩታል፤ አንድም የቀረ የለም። እኔ ራሴ እንደዚህ ያለ ክትትል አይቼ አላውቅም» አለኝ። ደስታው ከድምፁ ይሰማል። እኔ ግን ከዚህ ሥራ በፊት ለብዙ ዓመት ስታትስቲክስ ሠርቻለሁና «አንድም የቀረ የለም» የሚል ዓረፍተ ነገር አላምንም፤ በእውነተኛ መዝገብ ውስጥ ሁልጊዜ የቀረ ሰው አለ።

ጎጀብን ከተሻገርን በኋላ ጎማ ፈነዳ። ዝናቡም የጠበቀን እዚያው ነበር። ተሳፋሪው ሁሉ ወረደና፣ ሰው ራሱን ያስጠልላል ስል፣ አራት ጃንጥላ ተዘርግቶ ጎማ በሚቀይረው ሹፌር ላይ ተያዘ። የእኔም ጃንጥላ ተወሰደና አምስተኛ ሆነ። አንድም ሰው አላማረረም፤ ያማረርኩት እኔ ብቻ ነኝ፣ እሱንም በሆዴ። አዲስ አበባ ቢሆን ይሄኔ ሦስት ሰው ገንዘቤን መልስ ብሎ ነበር።

ከዚያ ወዲያ መንገዱን ዛፍ አጠበበው። እኛ ሰፈር ዛፍ ሲተከል አጥር ይታጠርለታል፤ ጥበቃ ይቀጠርለታል፤ ያም ሆኖ ይደርቃል። እዚህ ግን መንገዱ ራሱ ዛፎቹን ለምኖ የሚያልፍ ይመስላል። ቦንጋ ጉብታዋ ላይ ጉም ለብሳ ቆየችን። የሆቴሉ ባለቤት የእንግዳ መዝገቡን ስትሞላ «ለቡና ነው የመጡት?» አለች። ወደዚያ የሄደ ሁሉ ለቡና የሄደ ይመስላቸዋል። «አይደለም፤ የአንጎል ጉዳይ ነው» ስላት እስክሪብቶዋን አስቀምጣ «እግዚአብሔር ይማርዎት» አለችኝና መኝታ ክፍሉን ምድር ቤት ሰጠችኝ፤ ደረጃ እንዳልወጣ ብላ ነው። ለራት ቆጮ በጎመንና በአይብ መጣ። ቆጮ አዲስ አበባ ውስጥ ከክትፎ ጋር በልቼው አውቃለሁ፤ እዚያ እንደ ማጀቢያ ነው። እዚህ ግን ዋናው እሱ ነው፤ ሞቆና ለስልሶ።

ሦስተኛ ቀን፣ ማክሰኞ

ጠዋት የዞኑ ጤና ቢሮ ሄድኩ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ስለነበሩ በረንዳው ላይ ከጫፍ ጫፍ እየተመላለስኩ ጠበቅሁ፤ አንዲት ጸሐፊ «ኧረ ይቀመጡ፣ እኔንም አደከሙኝ» ብላ ወንበር አወጣችልኝ። ኃላፊው ሲመጡ ፈገግ ብለው ተቀበሉኝ። «ይሄ ፕሮጀክት ሪፖርቱ ኮምፕሊት ነው። እንደ ሞዴል ነው የምናቀርበው» አሉኝ። «ኮምፕሊት» የምትለዋን ቃል ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኳት።

ከሰዓት በኋላ ሺሺንዳ ደረስኩ። ከሚኒባሱ ስወርድ ቀኝ እግሬ ጭቃ ውስጥ ገባ፤ ሳወጣው የጫማዬ ሶል እዚያው ቀረ። የከተማ ጫማ ነበር፤ ለቢሮ ምንጣፍ የተሠራ። እያነከስኩ አልጋ ወዳለበት ቤት ሄድኩ። ባለቤቷ እትዬ ብርቄ ይባላሉ፤ ሰባን ሳያልፉ አይቀሩም። እግሬን አዩና ወደ ጓዳ ገብተው የሟች ባላቸውን ቦቲ ጫማ ይዘው ወጡ። ለእኔ ሁለት ቁጥር ይበልጣል። አሮጌ ጋዜጣ ጨመቅ ጨመቅ አድርገው ከጫፉ ወተፉበት።

«ስንት ልክፈል?» አልኳቸው።

«መልሺው እንጂ አትክፈይው» አሉኝ።

አያታቸው ከሰሜን የመጣ ወታደር ነበር። «ከመንዝ ነው ይሉኛል፤ መንዝን ግን በካርታም አላየሁት» አሉ። ከጎረቤት ሴት ጋር በከፊኛ ሲሳሳቁ፣ ከእኔ ጋር ካወሩት አማርኛ ይልቅ በዚያኛው ቋንቋ ነፃ መሆናቸው ያስታውቅ ነበር። የመጣሁበትን ስነግራቸው ሳቃቸው ቆመ።

«የሲስተርን መዝገብ ልታዪ ነው?»

«አዎ። ያውቋታል?»

«ሲስተርን የማያውቅ ማን አለ? በፊት ሰው መንገድ ላይ ሲጥለው ለሀጩ እንዳይነካን ብለን እንሸሽ ነበር። እኔም ሸሽቻለሁ፤ ምን እደብቅሻለሁ። እሷ ናት ጠጋ ብላ በጎኑ ስታስተኛው አይተን የተማርነው።» ከዚያም፣ «መዝገቡ ምን ሆነ?» አሉ።

«ምንም አልሆነም። እንዲያው ለማየት ነው» አልኩ። ዓይናቸው አላመነኝም።

አራተኛ ቀን፣ ረቡዕ

ሲስተር ዘነበች ሠላሳዎቹን ያጋመሰች፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ፣ ጋዋኗ ብዙ ከመታጠብ የሳሳ ነርስ ናት። የአካባቢው ልጅ ናት፤ ለበሽተኛ በከፊኛ፣ ለወረቀት በአማርኛና በእንግሊዝኛ ትሠራለች። ክፍሏ ውስጥ አንድ ቁም ሣጥን፣ አንድ አልጋ፣ በጨርቅ የተሸፈነው የአንጎል ሞገድ መሣሪያና ግድግዳው ላይ የእኛንም የፈረንጁንም ቀን የያዘ ካላንደር አለ። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ከቤቷ ያመጣችውን ጥብስ አካፈለችኝ። ሃምሳው ቀን ገና ስላልወጣ ረቡዕነቱ አላስጨነቀኝም፤ እሷ ደግሞ ፕሮቴስታንት ስለሆነች ከመጀመሪያውም አያስጨንቃትም። ይህን የምጠቅሰው በኋላ ስለሚያስፈልግ ነው።

መዝገቡ የሚያምር ነበር። ቅጹን አዲስ አበባ አትመን ነው የላክነው፤ የቀጠሮው ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር በየገጹ ራስ ላይ ታትሟል፤ በየሃያ ስምንት ቀኑ፣ ሁልጊዜ ሰኞ። ከእያንዳንዱ በሽተኛ ስም ትይዩ የመጣበት ቀን፣ የወሰደው ኪኒን፣ የጣት አሻራ። አንድም ክፍት ቦታ የለም። ገጽ በገጽ ስገልጥ ጃንዋሪ 19 ላይ ደረስኩና አለፍኩት፤ ከዚያ ምን እንደጎተተኝ እንጃ፣ ተመለስኩ። ልጅነቴን ሙሉ ነጭ ለብሼ የጠበቅሁት ቀን ነው፤ በፈረንጅ ቁጥር ተሸፍኖ ቢመጣ እንኳ ትንሽ ቆይቶ ይታወቀኛል።

«ሲስተር፣ ጃንዋሪ 19 ምን ቀን ነበር?»

«ሰኞ ነው። ሁልጊዜ ሰኞ ነው።»

«በእኛ አቆጣጠርስ?»

ዞራ ካላንደሩን አየች። ጣቷን በሰንጠረዡ ላይ አውርዳ አንዱ ቀን ላይ አቆመች።

«ጥር አሥራ አንድ» አለች። ከዚያም ቀስ ብላ፣ «ጥምቀት» አለች።

«መዝገቡ ሁሉም መጥተዋል ይላል።»

«ማንም አልመጣም። ጤና ጣቢያው ተረኛ ብቻ ነበረው። እኔም ቤቴ ነበርኩ።»

አልካደችም። ብትክድ ኖሮ ይሻለኝ ነበር፤ የምቆጣበት አገኝ ነበር። ያም ሆኖ ተቆጣሁ። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ታውቂያለሽ ወይ አልኳት፤ የምርምር መዝገብ በውሸት መሙላት ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን ስምሽንም ያስወስዳል አልኳት። እጆቿን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ እስክጨርስ ሰማችኝ።

«ሰዎቹ መድኃኒቱን ወስደዋል» አለች። «ኪኒኑን ይቁጠሩት፤ አሻራውም የራሳቸው ነው። የሚመጡት ግን ሐሙስ ነው፣ በገበያ ቀን። የሚጥለው ሰው ብቻውን መንገድ አይሄድም፤ ወንዝ አለ። አጃቢ ይፈልጋል። አጃቢው ደግሞ ሥራ ትቶ የሚወጣው ለገበያ ነው። ሰኞ ኑ ብላቸው ማን ያመጣቸዋል?»

«ታዲያ ሐሙስ ብለሽ አትጽፊም ነበር?»

ተነሥታ ከቁም ሣጥኑ ታች አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። የመጀመሪያው ወር ገጽ ነው። ትክክለኛው ቀን፣ ሐሙስ፣ በእጇ ተጽፎበታል። በላዩ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ከፕሮቶኮል ውጭ። በታተመው ቀን ተስተካክሎ ይላክ» ይላል። ከሥሩ ፊርማ አለ። ፊርማውን ለማወቅ መነጽር አላስፈለገኝም፤ የእኔ ነው።

የቀጠሮውን ሰንጠረዥም የሠራሁት እኔ ነኝ። ኮምፒውተሩን በየሃያ ስምንት ቀኑ አስቆጥሬ፣ አትሜ፣ ልኬ። ከገበያ ጋር ቀርቶ ከጥምቀት ጋር እንኳ አላመሳከርኩትም። እሷም ታቦት ስለማትከተልና ወረቀቱ ጃንዋሪ ስለሚል ሳታስተውለው ከላይ የታተመውን ወደ ታች ገለበጠች። በጣም አፈርኩ። ወደ ውጭ ወጣሁና በትልቁ ቦቲ ጫማዬ በጤና ጣቢያው ግቢ ስዞር ቆየሁ። ስመለስ የቀዳችልኝን ሻይ በሌላ ብርጭቆ ከድና አቆይታልኛለች።

«ያለው መድኃኒት እስከ መቼ ይበቃል?» አልኳት።

«እስከ ግንቦት መጨረሻ። በመደበኛው መንገድ ለጤና ጣቢያው የሚላከው አንዳንዴ ይመጣል፣ አንዳንዴ አይመጣም። ይሄ መድኃኒት ደግሞ ድንገት ሲቋረጥ ከመጀመሪያው ይብሳል።»

አምስተኛ ቀን፣ ሐሙስ

ገበያው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ሞቀ። ቡና፣ ኮረሪማ፣ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ የያዙ ሰዎች ከየአቅጣጫው ይመጣሉ፤ ከእነሱ መካከል አንዳንዶቹ ሸቀጣቸውን ለዘመድ ትተው ወደ ጤና ጣቢያው ይታጠፋሉ። ሲስተር ዘነበች እያንዳንዱን በስሙ ትጠራለች። እኔ ጥግ ላይ ሆኜ ቆጠርኩ። መዝገቡ ላይ ያሉት ሰዎች በእርግጥ አሉ። ፊታቸው ላይ፣ እጃቸው ላይ የቃጠሎ ጠባሳ አለ፤ ብዙዎቹን እሳት ዳር ጥሏቸው ያውቃል።

ከእነሱ አንዱ ጋሽ ማሞ ነው። ሃምሳ ዓመት የሚሆነው፣ ቀጭን፣ ክንዱ የገመድ ያህል የከረረ ሰው። ሥራው ቀፎ መስቀል ነው፤ እዚያ ቀፎ የሚሰቀለው ቀና ሲሉ አንገት የሚያሳምም ዛፍ ጫፍ ላይ ነው። አማርኛው አንቱታ አያውቅም፤ ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ አንቺ አለኝ፤ ደስ አለኝ።

«አንቺ ነሽ የመንግሥት? ነይ ዛፌን እይ» አለኝ።

አንድ ሰዓት ያህል በጫካ ውስጥ ሄድን። ቦቲው እግሬን ላጠው፤ እሱ በባዶ እግሩ እየተራመደ ወሬ አላቋረጠም። ስድስት ዓመት ሙሉ ዛፍ ላይ አልወጣም ነበር። በሽታው ሲጥለው ቀፎዎቹን ሌሎች ወሰዷቸው፤ ጉልበት ሥራ እንኳ የሚያሠራው አጣ። መድኃኒት ከጀመረ ወዲህ አንድም ቀን አልጣለውም። ሲስተር ግን ገና አትውጣ ትለዋለች።

«እሺ ይላታል» አለች ሚስቱ አስካለች ቤት ስንደርስ። «እሺ ይላትና ይወጣል።»

ዛፉን አሳየኝ። ቀና አልኩና ቀፎው ጭብጥ የሚያህል ሆኖ ታየኝ። ገመዱ ግንዱ ላይ ተጠምጥሟል።

አስካለች ቆጮና ማር አቀረበች። በእኛ መመሪያ ገምጋሚ ከተገምጋሚ ስጦታ አይቀበልም፤ ጋሽ ማሞ ደግሞ ጀሪካን ሙሉ ማር ከበሩ ሥር አዘጋጅቶ ነበር። መውሰድ አይፈቀድልኝም አልኩ። ባልና ሚስት ተያዩ። ፊታቸው ላይ ያየሁት ነገር ቅያሜ ነው። እኔም ቶሎ ብዬ «እዚህ የበላሁት ግን ስጦታ አይባልም» አልኩና ሳህኑን ወደ እኔ ሳብኩ። አስካለች ሳቀች፤ መመሪያው የሚከለክለው መሸከም እንደሆነ ስለገባት መሸከም እስኪያቅተኝ ድረስ አበላችኝ። አዲስ አበባ የምንገዛው ማር ስኳር መሆኑን ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

ስነሣ ጋሽ ማሞ እስከ መንገዱ ሸኘኝ።

«መድኃኒቱ ይቆማል ወይ?»

«አላውቅም።»

«አንቺ አይደለሽ የምትወስኚው?»

«እኔ እጽፋለሁ፤ የሚወስኑት ሌሎች ናቸው።»

«ቢቆምም ማሩ ሲደርስ እወጣለሁ» አለኝ። ሊያስፈራራኝ አልነበረም፤ እንዳውቀው ብሎ ነው። «ልጆቼ በዚህ ነው የሚማሩት። አንቺ ዛፉንም ጻፊው።»

ስድስተኛ ቀን፣ ዓርብ

ቦቲውን አጥቤ መለስኩ። እትዬ ብርቄ ለመንገድ የተቆላ በቆሎ ቋጥረው ሰጡኝ፤ እግሬ ላይም የራሳቸውን ሸራ ጫማ አጠለቁልኝ። «መዝገቡስ?» አሉኝ። «ጥፋቱ ከእኔ ነው የጀመረው» አልኳቸው። «እንግዲያው ይቀልላል» አሉ። ምኑ እንደሚቀልል አልገባኝም።

ሺሺንዳ፣ ቦንጋ፣ ጎጀብ፤ መልሶ ጅማ። መንገዱን ሁሉ ጭኔ ላይ ሪፖርት ስጽፍ ነበር የመጣሁት። የመጀመሪያው ረቂቅ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «መዝገቡን አይቼ ትክክል ሆኖ አግኝቼዋለሁ።» ይህችን ብፈርም ገንዘቡ በሳምንቱ ይለቀቃል፤ ማንም አይጎዳም፤ ጋሽ ማሞ ኪኒኑን ይውጣል። ሦስት ጊዜ ጻፍኳት፤ ሦስት ጊዜ ሰረዝኳት። ቁጥር ስሠራ የኖርኩ ሰው ነኝ። በዚያ መዝገብ ላይ ነገ ሌላ ሐኪም ሌላ ነገር ይገነባበታል፤ በሽታው ለምን በዛ ለሚለው ጥያቄ መልስ ይፈልግበታል። በሐሰተኛ ቀን ላይ የተሠራ መልስ መጨረሻ የሚጎዳው እነዚያኑ ሰዎች ነው። እንዲህ ብዬ ራሴን አሳመንኩ። የቆጮው ጣዕም ግን ገና አፌ ውስጥ ነበር።

ሰባተኛ ቀን፣ ቅዳሜ

ቤቴ ገባሁ። ባለቤቴ ቡና አመጣሽ ወይ አለኝ፤ አላመጣሁም። እግሬ ላይ ያለውን ሸራ ጫማ አየና የቤት ነጠላ ጫማዬን አመጣልኝ። ሪፖርቱን ያን ዕለት ጨረስኩት፦ ቀኖቹ ትክክል አይደሉም፤ መድኃኒቱ ግን ለሰዎቹ ደርሷል፤ ቀኖቹ እንዲዛቡ ያዘዝኩት እኔ ነኝ፤ ቀዩ ጽሑፍ ያለበት ገጽ ተያይዟል። ዛፉንም ጻፍኩት።

ከተመለስኩ በኋላ

ገንዘቡን የሚፈቅደው የቢሮአችን ኮሚቴ ሪፖርቱን አመሰገነ። ለእኔ ማስጠንቀቂያ ጻፈ፤ ይገባኛል። ገንዘቡን ግን «ተጨማሪ ማብራሪያ እስኪቀርብ» አገደው። ማብራሪያ አቀረብኩ። ስብሰባው ተላለፈ። በየቀኑ ወደ ሰብሳቢው ቢሮ እየተመላለስኩ በሩን አሰለቸሁት። ወደ ዞኑም ደወልኩ፤ የመደበኛው መድኃኒት ተጠይቋል፣ ገና አልመጣም ተባልኩ። ግንቦት አለቀ። ማሩ ደረሰ።

ሰኔ ውስጥ አንድ ጠዋት ሲስተር ዘነበች ደወለች።

«ጋሽ ማሞ ከዛፍ ወደቀ» አለችኝ። «እግሩ ተሰብሯል። ቦንጋ አድርሰነዋል፤ ይድናል።»

ቆሜ ነበር፤ ተቀመጥኩ። መድኃኒቱን ካቆመ አሥራ አንድ ቀኑ ነበር። ከዚያ የተናገርኩትን ሳስበው አሁንም አፍራለሁ፤ ቢሆንም የተነሣሁት እውነቱን ልጽፍ ነውና እጽፈዋለሁ።

«ሲስተር፣ ስሚኝ። ነገ ኮሚቴው ይሰበሰባል። መድኃኒቱ በመቋረጡ ጥሎት ወደቀ ብለሽ ጻፊና ማኅተም አድርገሽ ዛሬውኑ በቴሌግራም ላኪልኝ። ይሄን ካዩ ይለቁታል።»



«ሲወድቅ ያየው የለም» አለች። «አስካለች ሥሩ ሆና ገመድ ስትጠቀልል ድምፁን ነው የሰማችው። እሱም አላስታውስም ይላል። ዝናብም ነበር፤ ዛፉ ያንሸራትታል።»

«ጥሎት ነው እንጂ። አንቺም እኔም እናውቃለን።»

«አናውቅም፣ እትዬ።» ድምፅዋ እንደ ወትሮው ዝቅ ያለ ነበር። «ያን ቀን ክፍሌ ውስጥ ቆመው ካላንደሩን ያሳዩኝ እርስዎ ነዎት። ከዚያ ወዲህ ያላየሁትን አልጽፍም።»

የላከችው ደብዳቤ ሦስት መስመር ነው። ከዛፍ ወደቀ። መድኃኒት ካቆመ አሥራ አንድ ቀኑ ነው። ሲወድቅ ያየው የለም። በማግስቱ አንድ ቃል ሳልጨምር አቀረብኩት። ሰብሳቢው ሁለት ጊዜ አነበበውና መነጽሩን አወለቀ።

«ጥምቀትን የሞላችው ነርስ ይህች ናት?»

«አዎ፤ በእኔ ትእዛዝ» አልኩ። «አሁን ግን ያላየችውን አልጻፈችም» ብሎ ደብዳቤውን ለአባላቱ አሳለፈው።

ገንዘቡ ሰኔ ሠላሳ ሳይደርስ ተለቀቀ። ለጋሽ ማሞ ዘግይቷል፤ ይህን ማንም ሊያስተካክለው አይችልም፤ እኔም አልሞክርም።

አዲሱን ቅጽ ራሴ ሠራሁት። የቀኑ ቦታ ባዶ ነው። ባለፈው ሳምንት ሲስተር ዘነበች የመጀመሪያውን ገጽ በስልክ አንስታ ላከችልኝ። ቀኖቹ የተበታተኑ ናቸው፤ አንዱ ቀድሞ መጥቷል፣ አንዱ ዘግይቷል፣ ሁለቱ ጭራሽ የሉም። ከጋሽ ማሞ ስም ትይዩ አሻራ የለም። በእስክሪብቶ እንዲህ ተጽፏል፦ «አልመጣም። እግሩ ገና ነው። ሐሙስ ከገበያ በኋላ እኔ ወሰድኩለት።»

ካላንደሩን አላየሁም። ፈረምኩ።